ስማችን አዲስ አበባ ይሸጣል፣ ቅቤያችን መንገድ ላይ ይወረሳል፦ ከሸኖ ቅቤ ሻጮች ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ የምግብ ጥራትን ለምትቆጣጠሩ፣ ገበያን ለምታስተዳድሩና የንግድ ስምን ለምትመዘግቡ መሥሪያ ቤቶች ኃላፊዎች፤

ጤና ይስጥልን። ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ በሸኖና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች ወተት ንጠን፣ ቅቤ አውጥተን፣ ተሸክመን ገበያ የምንወጣ ሴቶች ነን። በወረቀት ያሰፈረችው ከመካከላችን የአንዷ ልጅ ናት፤ ቃሉ ግን የሁላችንም ነው። ሙያችን ቅቤ መናጥ እንጂ ቅቤ አንጓች ምላስ ስለሌለን በቀጥታ ወደ ጉዳያችን እንገባለን።

ባለፈው ዐቢይ ጾም መገባደጃ ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት ቅቤ ተያዘ የሚል ወሬ ሲናፈስ ሰነበተ። ወሬው እኛ ጋ የደረሰው «የሸኖ ቅቤ በሙዝ ተቀላቅሎ ተያዘ» ተብሎ ነው። የተቀላቀለው ሸኖ ውስጥ አይደለም፤ የያዙትም ሰዎች ሸኖ ነው አላሉም፤ ስሙ ብቻ የእኛ ነበር። በዚያው ሰሞን በደሴው መንገድ ዳር አውቶቡስና የጭነት መኪና በሚቆምበት ቦታ ቅቤ ይዘን የምንቀመጥ ሴቶች ተነሡ ተባልን። ምን አጠፋን ብለን ስንጠይቅ የተሰጠን መልስ «በሸኖ ስም የሚሸጥ የተበላሸ ቅቤ ስለበዛ ነው» የሚል ነው። ስማችንን ሌላ ሰው ስለሰረቀው እኛ ከገበያችን ተነሣን ማለት ነው። ሌባው ሾላና መርካቶ ቁጭ ብሎ ይሸጣል።

አገሩ የሚታወቅበትን ነገር የማይጠራ ሰው የለም። ጎንደሬው የፋሲልን ግንብ፣ ሐረሬው ጀጎሉንና ቡናውን፣ የጅማው ሰው በርጩማውን፣ ጎረቤቶቻችን ደብረ ብርሃኖች ብርድ ልብሳቸውን፣ በቆጂዎች ደራርቱንና ቀነኒሳን ይጠራሉ። እኛ ሸኖ ነን ስንል ሰሚው ሳንጨርስ «የቅቤ አገር!» ይለናል። ግን የእኛ ነገር ከሌሎቹ ይለያል። የፋሲልን ግንብ ሙዝ ቀላቅሎ በኪሎ የሚሸጥ የለም። ቀነኒሳን አስመስሎ ሠርቶ ኦሊምፒክ የሚያሮጥም የለም። ቅቤ ግን ዝምተኛ ነው፤ አንዴ በኮባ ከተጠቀለለ ከየት እንደመጣ አይናገርም። ሻጩ የሰጠውን ስም ይዞ ይቀራል።

ከተማችንን በመኪና አልፋችሁ ብቻ ከሆነ የምታውቋት፣ ይህ ዝና ከየት እንደመጣ ጥቂት እንንገራችሁ። ሸኖ ከአዲስ አበባ 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሰንዳፋንና አለልቱን አልፎ፣ ጫጫና ደብረ ብርሃን ሳይደረስ። ደጋ ናት፤ በጥቅምትና በኅዳር ጠዋት ውርጩ ሳር ላይ ነጭ ሆኖ ይታያል። ብርዱ ለእኛ ጣጣ ነው፣ ለቅቤው ግን ሲሳይ ነው። ቆላ ባንድ ቀን የሚረጋው ወተት እኛ ቤት ሁለት ሦስት ቀን ይጠብቃል፤ ቀስ ብሎ ይረጋል፣ ቀስ ብሎ ይቆመጥጣል። ቅቤው ሲወጣ ጠጣር ስለሆነ በኮባ ተጠቅልሎ አዲስ አበባ እስኪደርስ አይፈስም። መናጫውን በወይራ እናጥናለን፤ ጢሱ ጠረን ከመስጠቱም በላይ ዕቃውን ያጠራል። መናጡ ራሱ ከሰዓት በላይ ይወስዳል። ቅቤው ሲሰበሰብ በቀዝቃዛ ውሃ ደጋግመን እናጥበዋለን፤ አሬራው በደንብ ካልወጣለት ቶሎ ይሻግታል። የተረፈው አሬራ ለልጆች ይጠጣል ወይም አይብ ይወጣበታል።

ለአንድ ኪሎ ቅቤ እንደ ላሟና እንደ መኖዋ ከ16 እስከ 20 ሊትር ወተት ይገባል። ያበሻ ላም በቀን አንድ ሁለት ሊትር ብትሰጥ ነው፤ ጥጃዋም ድርሻ አላት። አንድ ላም ብቻ ያላት ሴት አንድ ኪሎ ለመሙላት ከሳምንት በላይ ታጠራቅማለች። ተቆጣጣሪ በአውራ ጣቱ ወግቶ አሽትቶ ፌስታል ውስጥ የሚጥለው ኪሎ ይህ ነው።

ጾሙንም አስቡልን። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ያን ሁሉ ቀን ወተት የሚገዛ ስለሚጠፋ ላም ያለው ሁሉ ወተቱን ወደ ቅቤ ይመልሳል፤ ቅቤ ይቆያል፣ ወተት አይቆይም። የጾሙ ልፋት ዋጋ የሚያገኘው ለፋሲካ በቀሩት ጥቂት ቀናት ውስጥ ነው። የማዳበሪያ ዕዳ፣ የልጅ ደብተር፣ የበዓል በግ ሁሉ ከዚያ ይወጣል። ከመንገድ ዳር ያነሣችሁን ልክ በዚያ ሳምንት ነው። ክፋት ነው አላልንም። ግን የሚወስነው ሰው የቅቤን ዓመት ቢያውቀው ኖሮ ያን ሳምንት አይመርጥም ነበር።

ቅሬታችንን በየፈርጁ እናስረዳ።

በመጀመሪያ የምናነሣው ያለ ምርመራ መውረስን ነው። ከመካከላችን አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ሦስት ኪሎ የሚሆን ቅቤ ይዛ ሚኒባስ ልትሳፈር ስትል መንገድ ላይ አስቆሟት። «ቢጫነቱ በዝቷል፣ ቀለም ገብቶበታል» ብለው ወሰዱባት። ናሙና አልወሰዱም፣ ደረሰኝ አልሰጧትም፣ ውጤቱን የት መጥታ እንደምትጠይቅም አልነገሯትም። የቅቤ ቀለም ከመኖ ይመጣል። ላም ገለባ ስትበላ ቅቤዋ ይነጣል፤ እርጥብ ሳር ስትግጥ ይወረዛል፣ ቢጫ ይሆናል። በመስከረምና በጥቅምት የሁላችንም ቅቤ ቢጫ ነው። እኛ አገር ደግሞ በልግ ይዘንባል፤ ዝናቡ ቀድሞ የመጣ ዓመት በጾሙ ማብቂያ ላይ ማሳው ዳር ለምለም ሳር አለ። የሴትዮዋ ቅቤ ቢጫ የሆነው ላሟን በደንብ ስላበላች ነው። ይህን ከእኛ ልጆች ማንኛዋም ብትጠየቅ ትመልሰዋለች፤ በሥራው የተመደበው ሰው ግን አያውቅም።

ሌላዋ ቅቤዋ ነጭ ሆኖ «ሞራ ነው» ተብላለች። ቢጫውም ጥፋት፣ ነጩም ጥፋት ከሆነ ምን ዓይነት ቅቤ እንድናመጣ ነው የምትፈልጉት?

በዓይንና በጣት መፍረድ ቀርቶ በመሣሪያ ይፈተሽልን እንላለን። ድንች ወይም ዱቄት የተጨመረበት ቅቤ በየፋርማሲው በሚሸጥ አዮዲን ይጋለጣል፤ ጠብታው ሲያርፍበት ወደ ጥቁር ሰማያዊ ይዞራል። የአትክልት ቅባት የተቀላቀለበት ግን በዓይንም በአዮዲንም አይለይም፤ ላቦራቶሪ ይፈልጋል። የሚያሳዝነው፣ በጣት የሚፈተሸው ሁልጊዜ የእኛ የባላገሮቹ ነው፤ ላቦራቶሪ የሚያስፈልገው የትልልቆቹ ቅልቅል ደግሞ ሳይፈተሽ ያልፋል። አጭበርባሪው ይህን ያውቃል። እውነተኛ ቅቤ ከእኛ በትንሹ ይገዛል፣ ውስጡን በርካሽ ቅባት ይሞላዋል፣ ላዩን በእኛ ቅቤ ይለስነዋል። ገዢዋ ከላይ ቆንጥራ ትቀምሳለች፤ ወይራው ይሸታታል፣ ታምናለች። ቤቷ ገብታ ስታነጥረው ግን ኮረሪማውም ኮሰረቱም ሊሸፍኑት የማይችሉት ነገር ይወጣል፤ ድስቱ ሥር ዝቃጭ ይቀራል። አንዲት የአዲስ አበባ ደንበኛችን ለልጇ አራስ ቤት ገንፎ የሚሆን ለጋ ቅቤ ከቤቷ አጠገብ ገዝታ እንዲህ ያለ ነገር ገጠማትና ደውላ የወቀሰችው እኛን ነው። «እናንተም ተበላሻችሁ?» አለችን። ከእኛ አልገዛችም፤ ስማችንን ነው የገዛችው።

ከመካከላችን ተንኮለኛ የለም አንልም። ቅቤውን ሳታጥብ፣ ውሃውን ሳትጨምቅ ሚዛን ላይ የምታወጣ አለች፤ እኛም እናውቃታለን፣ ገበያም ውሎ አድሮ ያውቃታል። ዓለም አቀፉ የቅቤ መለኪያ ቢያንስ 80 በመቶ ስብ፣ ቢበዛ 16 በመቶ ውሃ ይላል። በእጅ የታሸ ቅቤ ከዚያ ትንሽ አልፎ ሊገኝ ይችላል፤ ይህ በጥሩ እጥበትና እሽት የሚስተካከል የሙያ ጉዳይ ነው። ውሃ ያልጨመቀችን ሴት ድንችና የዘንባባ ቅባት ከሚቀላቅል ነጋዴ ጋር በአንድ ዓይን ማየት ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። ለእሷ ሥልጠና፣ ለእሱ ሕግ ነው የሚያስፈልገው።

ሕጉም አለ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ምንጩ ያልታወቀ ወይም ከባዕድ ነገር ጋር የተቀላቀለ ዕቃ ለሽያጭ ማቅረብን ይከለክላል። በ1998 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501ም የዕቃውን መገኛ በተመለከተ ሕዝብን የሚያሳስት ምልክት እንዳይመዘገብ ይላል፤ ብዙ አምራቾች በጋራ የሚጠቀሙበት የወል ምልክት እንዲመዘገብም መንገድ ከፍቷል። ሕጉ በእኛ በኩል ሲመጣ ፌስታል ይዞ ይመጣል። በቅቤ ተራ በኩል ግን የት እንደሚቀር አናውቅም።

ስለ ስም ጥበቃ ስንናገር ህልም የሚመስለው ካለ ቡናን ያስታውስ። አገራችን በ1997 ዓ.ም. ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተች። የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ፤ ስታርባክስ የተባለው ግዙፍ ኩባንያም መጀመሪያ ላይ አልተስማማም ነበር። ክርክሩ ዓለምን አዳርሶ በ1999 ዓ.ም. ኩባንያው ስሞቹን የኢትዮጵያ ንብረት መሆናቸውን አውቆ ተፈራረመ። ያኔ የተነገረን፣ የቦታ ስም ሀብት መሆኑ ነው፤ ቡናውን ያበቀለው ገበሬ ከስሙም ሊጠቀም ይገባል ተባለ። ደስ ብሎን ሰማን። ታዲያ ውቅያኖስ ተሻግሮ ከባለ ብዙ ቢሊዮን ኩባንያ ጋር የተከራከረ መንግሥት 75 ኪሎ ሜትር ላይ ያለን ስም ከሾላ ገበያ ማስከበር እንዴት ያቅተዋል?

ሌላም የምናነሣው አለ፤ ማንም ሲጠይቅ ሰምተን አናውቅም። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የዲቃላ ላም ያለው ሰው በፍስክ ወቅት ወተቱን ለሰብሳቢ መኪና ያስረክባል። ገንዘቡ ቶሎ ይገኛል፣ ድካሙም ይቀንሳል፤ እንደ ፉርሽካና ፋጉሎ ያለ የከብት መኖ በተወደደበት ዘመን ወተት መሸጥ የሚያዋጣው ብዙ ነው፤ አንፈርድበትም። ይህ ማለት ግን በአካባቢያችን የሚናጠው ወተት እያነሰ ሄዷል ማለት ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ሰው እየበዛ፣ «የሸኖ» የሚለው ታፔላም እየበዛ ሄዷል። የጫጫው፣ የአለልቱው፣ የደብረ ብርሃን ዙሪያው ቅቤ በእኛ ስም ቢጠራ አንቀየምም፤ ብርዱም ሳሩም ሙያውም አንድ ነው። ግን የሁላችንም ተደምሮ ያን ሁሉ ሱቅ ይሞላል ብሎ የሚያምን ካለ ጠዋት መጥቶ ስንቶቻችን ጋ መናጫ እንደሚሰማ ያዳምጥ። ከምርመራም በፊት ይህ ስሌት ብቻ ተቆጣጣሪን ሊያነቃው ይገባ ነበር።

ወላይታ፣ ጎጃምና ወለጋም በቅቤያቸው የተመሰገኑ ናቸው። እኛ ምርጥ ነን የሚል ፉክክር ውስጥ አንገባም (ብንገባ እናሸንፋለን፣ ግን አሁን ጊዜው አይደለም)። የእነሱም ስም እንደ እኛው ነው የሚነገድበት። የእኛ በዝቶ የተወራው ለአዲስ አበባ ስለቀረብንና ዋጋችን ከፍ ስለሚል ነው።

ባዛርና ኤግዚቢሽን ላይ ስለሚደረገውም አንድ ነገር እንበል። በበዓል ሰሞን አዲስ አበባ በሚዘጋጁ ባዛሮች «የሸኖ ቅቤ» የሚል ድንኳን አይጠፋም። ከእኛ መካከል ዘመድ ጥየቃ የሄደች አንዲት ሴት ገብታ፣ ቅቤው የማን ነው ብላ ስትጠይቅ፣ ሸኖ የት እንደሆነች በቅጡ የማያውቅ ወጣት ነው የመለሰላት። ከበስተጀርባው ግን መናጫ የምትንጥ ሴት ትልቅ ፎቶ ተሰቅሏል። ፎቶዋ ተጋብዟል፣ እሷ አልተጋበዘችም። የአካባቢ ምርት ማስተዋወቅ ማለት ይህ ከሆነ ይቅርብን።

እንግዲህ የምንጠይቃችሁ የሚከተለውን ነው።

አንደኛ፣ መንገድ ዳር የነበረን መሸጫ ይመለስልን። ለትራፊክ ያሰጋል ከተባለ ከመንገዱ ገባ ብሎ ጥላና ውሃ ያለው፣ መንገደኛ ወርዶ ሊገዛበት የሚችል ቦታ ይሰጠን። ፀሐይ ላይ የተቀመጠ ቅቤ እንደሚበላሽ ለማንም መንገር አያስፈልግም። ቦታው ከከተማው ጀርባ ተወስዶ መኪና የማያየው ሜዳ ላይ ከሆነ ግን እንዳልተሰጠን ነው የምንቆጥረው፤ የእኛ ገዢ መንገደኛ ነው።

ሁለተኛ፣ ናሙና ሳይወሰድ፣ የኪሎው ልክ የተጻፈበት ደረሰኝ ሳይሰጥና ውጤቱ ሳይነገር የማንም ቅቤ አይወረስ። ናሙናው ለሁለት ተከፍሎ አንዱ ታሽጎ በባለቤቷ እጅ ይቆይ፤ ክርክር ቢነሣ የሚፈተሽ እንዲኖር። በዐቢይ ጾም የተወሰደብን ቅቤም ባዕድ ነገር እንደተገኘበት ካልተረጋገጠ ዋጋው ይመለስልን።

ሦስተኛ፣ ፍተሻው ቅልቅሉ ወደሚሠራበት ይሂድ። መጋዘን፣ ቅቤ ተራ፣ የጅምላ አከፋፋይ ይፈተሽ፤ ከፋሲካ፣ ከዕንቁጣጣሽና ከገና በፊት ባሉት ሳምንታት ደግሞ ይጠንክር፤ ቅልቅሉ የሚበዛው ያኔ ነው። በሸኖ ገበያም ቀላል የመፈተሻ ቦታ ይከፈት። እኛ ቀድመን እንሰለፋለን። ያለፈው ላይ ማኅተም ቢደረግበት ለእኛም ለገዢውም ዋስትና ነው።

አራተኛ፣ የሸኖ ቅቤ በወል የንግድ ምልክት እንዲመዘገብ እርዱን። ማመልከቻ መጻፍና ጠበቃ ማቆም ለእኛ አቅም ከባድ ነው፤ ለቡናው ያን ጊዜ መንግሥት ራሱ እንደቆመለት ለዚህም ይቁምለት። በስሙ መጠቀም የሚችለው የትኛው አካባቢ እንደሆነ፣ እንዴት የተናጠ ቅቤ እንደሆነ የሚወስነው ደንብ ሲረቀቅ ናጮቹ ሴቶች በስብሰባው ላይ እንኑር። ነጋዴዎች ብቻ ተሰብስበው ካረቀቁት ምልክቱም የእነሱ መሸፈኛ ይሆናል ብለን እንሰጋለን። የጎረቤት ወረዳ ሴቶችም አይቀሩ።

አምስተኛ፣ የተቀላቀለ ቅቤ ሲያዝ መግለጫው የተያዘበትን ቦታና የተቀላቀለበትን ነገር ይናገር። መገኛው ሳይጣራ «የሸኖ ቅቤ ተያዘ» ተብሎ እንዳይነገር ለዜና ሰዎችም አስታውቁልን።

መልሳችሁን በጽሑፍ እንጠብቃለን። መጥታችሁ ብታዩ ደግሞ ይሻላል፤ ከመካከላችን ቃላችንን የሚያቀርቡ ሴቶች መርጠናል፣ በፈለጋችሁት ቀን ይቀመጣሉ። የዕንቁጣጣሽ ገበያ ከመድረሱ በፊት የመሸጫ ቦታችንና የደረሰኙ ጉዳይ ቢያልቅልን፣ የንግድ ምልክቱን ነገር ጊዜ ወስዳችሁ ብትሠሩት አንቸኩልም።

ከአክብሮት ጋር፤
በሸኖና አካባቢዋ ቅቤ አውጥተን የምንሸጥ ሴቶች
(በተወካያችን ጸሐፊነት)